ብጉር የሚያወጣ ፊት እንዴት ይጠበቃል?

በዚህ ዓምድ ስለ ሕፃናት አመጋገብ፣ ስለ መጠጥ ውሃና ስለ ቤት ጽዳት አያሌ ጊዜ ጽፈናል። ስለ ብጉር ግን እስከ ዛሬ ድረስ አንድ ቃል እንኳ አላነሣንም። ምክንያቱም ነገሩ እንደ ቀልድ ይታየን ስለ ነበረ ነው። ብጉር የወጣትነት ወግ ነው፤ ጊዜው ሲደርስ ራሱ ይለቅቃል፤ ይህን ያህል በሽታና ችግር ባለበት ዘመን ስለ ፊት ማማር መጻፍ አይገባም የሚል አሳብ ነበረን። ይህን አሳባችንን ያስለወጠን አንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባችን ነው።

የዚህ ባልደረባችን እኅት በምሥራቅ ሱዳን በገዳሪፍ ከተማ ባል አግብታ ትኖራለች። ባልደረባችን አንድ ቀን ማታ፣ ሠራተኛው ሁሉ ወጥቶ ካለቀ በኋላ፣ ወደ ጠረጴዛችን ቀርቦ የእኅቱን ልጅ ፎቶግራፍ በስልኩ ላይ አሳየን። ልጅቱ የ17 ዓመት ወጣት ናት። ግንባሯና ጉንጮቿ በብጉር ተሸፍነዋል። በዚያም ላይ የጉንጯ ቆዳ ከመሳሳቱ የተነሣ ቀይ ሆኖ፣ እንደ ክር የቀጠኑ የደም ሥሮች ይታዩበት ነበር። ልጅቱ ከሰው ፊት መቅረብን ትታ፣ በቤት ውስጥ እንኳ ሳይቀር ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ እንደምትውል፣ የልብስ ስፌት ትምህርቷንም ካቋረጠች አንድ ወር እንዳለፋት ነገረን። ያን አገር ለሥራ ደርሰን ማየታችንን ያውቅ ነበርና ምን እንደሚሻል ጠየቀን። ከዚያች ቀን በኋላ ብጉር ለእኛ ቀልድ መሆኑ ቀረ።

ወደ ገዳሪፍ የሄድነው በ2011 ዓ.ም. ነው። ከመተማ ተነሥቶ ድንበሩን ወደ ጋላባት የተሻገረ መንገደኛ 150 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ሲጓዝ ገዳሪፍ ይደርሳል። አገሩ ለጥ ያለ ሜዳ ነው፤ አፈሩም ጥቁር መረሬ ሲሆን ሰሊጥና ማሽላ ዓይን እስከሚያየው ድረስ ይዘራበታል። ለአረምና ለአጨዳም ከደጋው አገራችን ብዙ የቀን ሠራተኞች እየወረዱ ይሠሩበት ነበር። በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው፤ አቧራውም ሰማይ ይጋርዳል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጭቃና ወበቅ ይተካል። ሙቀት፣ ላብና ወበቅ ብጉርን እንደሚያባብሱ የታወቀ ስለ ሆነ፣ በደጋ ሳለ ፊቱ ጥሩ የነበረ ሰው እዚያ ወርዶ ብጉር ቢያወጣ አያስደንቅም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ በኋላ ደግሞ ብዙ ተፈናቃይ ወደ ገዳሪፍ ስለ ገባ፣ ውሃና መድኃኒት እንደ ልብ አልተገኘም። ስለዚህ ዛሬ የምንሰጠው ምክር ውድ ዕቃ መግዛት ለማይችል፣ ውሃውንም በጆግ እየሰፈረ ለሚታጠብ ሰው ጭምር የሚሆን ነው።

በመጀመሪያ ቃላቱን እንለይ። ይህ በተለይ አማርኛን በትምህርት ለሚያጠኑና በድንበር አካባቢ ለሚሾሙ አንባቢዎቻችን ይጠቅማል። ብጉር የሚባለው በፊት፣ በደረትና በጀርባ ላይ የሚወጣው ትንንሽ እባጭ ነው። ቡግንጅ ግን ትልቅ፣ የሚያምና መግል የሚቋጥር ዕብጠት ነው። ሽፍታ የሚባለው በቆዳ ላይ ተበታትኖ የሚወጣው ነው። ማድያት ደግሞ ምንም እባጭ ሳይኖረው በጉንጭና በግንባር ላይ የሚተኛ ጥቁረት ነው። ቁስል ድኖ ቆዳውን አጐድጕዶ ወይም አጕብጦ የሚተወው ምልክት ጠባሳ ይባላል። ሱዳኖች ብጉርን «ሐብ አሽሸባብ» ይሉታል፤ ትርጓሜውም የወጣትነት ፍሬ እንደ ማለት ነው። ስሙ እውነት ነው፤ ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 24 ዓመት ከሆነ ወጣቶች ከመቶው 85 ያህሉ ብዙም ይሁን ጥቂት ብጉር እንደሚያወጡ ሐኪሞች ይናገራሉ። ይህን ማወቅ ብቻውን ለአንድ ወጣት መጽናናት ነው።

ብጉር የሚወጣበት ምክንያት እንዲህ ነው። ከፊታችን ጠጕር ሥር ትንንሽ የወዝ ዕጢዎች አሉ። ወዝ ቆዳን የሚያለሰልስ የተፈጥሮ ቅባት ነው። ልጅ ለአካለ መጠን ሲደርስ በሰውነቱ ውስጥ የሚነቁት ሆርሞኖች እነዚህን ዕጢዎች ያበረታሉ፤ ወዙም ይበዛል። በዚሁ ጊዜ የሞተው የቆዳ ቅርፊት ከወዙ ጋራ ተጣብቆ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። በተደፈነው ቀዳዳ ውስጥ በሰው ሁሉ ቆዳ ላይ የሚኖር አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ይራባል። ሰውነትም ራሱን ሲከላከል ቦታው ይቀላል፣ ያብጣል፣ መግል ይቋጥራል። ጫፉ የጠቈረ ብጉር ያየ ሰው እድፍ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ጥቁረቱ በቀዳዳው አፍ ላይ ያለው ወዝና የቆዳ ቀለም ከአየር ጋራ ሲገናኝ የሚመጣ እንጂ ቆሻሻ አይደለም። እንግዲህ ብጉር ካለመታጠብ የሚመጣ ነውር አይደለም። ይህን ያላወቀ ሰው ግን ፊቱን እንደ ጥፋተኛ ይቀጣዋል።

እኛም ራሳችን በሚሲዮን ትምህርት ቤት በአዳሪነት ስንማር እንዲሁ እናደርግ ነበር። ጠዋትና ማታ የልብስ ሳሙና በሻካራ ጨርቅ ላይ እያደረግን ፊታችን እስኪለበልበን ድረስ እንፈትግ ነበር። ብጉሩ ግን ባሰበት እንጂ አልቀነሰም። በክሊኒኩ የሚያገለግሉት መነኵሲት አንድ ቀን በቧንቧው አጠገብ አገኙንና «ልጆቼ፣ ፊት እኮ ድስት አይደለም፤ አይፈተግም» አሉን። ምክንያቱን የተረዳነው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ጤነኛ ቆዳ ጥቂት የአሲድነት ጠባይ አለው፤ በአሲድ መለኪያ ቍጥሩ 5 አካባቢ ነው። የልብስ ሳሙና ግን 9 ወይም 10 ይደርሳል። በዚህ ሳሙና የተፈተገ ፊት ሽፋኑ ይላጣል፣ ይደርቃል፣ ይቈጣል። የተቈጣ ቆዳ ደግሞ ብጉሩን ያባብሳል።

አሁን ወደ ልጅቱ እንመለስ። ቀድሞ ምን ትቀባ እንደ ነበረ ብንጠይቅ፣ ከገበያ የተገዛ፣ በትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ የተሞላ፣ ምንም ጽሑፍ የሌለበት ነጭ ክሬም መሆኑን ሰማን። ይህን የመሰለውን ሱዳኖች «ኸልጣ» ይሉታል፤ ድብልቅ ማለት ነው። በየሱቁ የሚቀምሙት ሰዎች ልዩ ልዩ ቅባት በአንድነት እያዋሐዱ ፊት ያነጣል፣ ብጉር ያጠፋል እያሉ ይሸጡታል። ልጅቱ በተቀባች በሁለት ሳምንት ውስጥ ብጉሩ ጠፋላት፤ ፊቷም ፈካ። እናቷም ደስ አላት። ከሦስት ወር በኋላ ግን ክሬሙ አልቆባት ጥቂት ቀን ሳትቀባ ብትቀር ፊቷ እንደ እሳት ነደደ፤ ብጉሩም ከፊተኛው በዝቶ ተመለሰ። ደግማ ብትቀባው ተሻላት፤ ብትተወው ባሰባት። እንዲህ እያለች ስምንት ወር ቈየች።

ይህ የአንዲት ልጅ ዕጣ ብቻ አይደለም። በእንዲህ ያሉ ድብልቆች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኙት ሦስት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው እንደ ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን ያለ ብርቱ ስቴሮይድ ነው። ይህ በሐኪም ትእዛዝ ለተወሰነ የቆዳ በሽታ፣ ለተወሰነ ጊዜ የሚሰጥ መልካም መድኃኒት ነው። በየቀኑ በፊት ላይ ሲቀባ ግን መጀመሪያ መቅላቱንና ዕብጠቱን ያበርዳል፤ በኋላ ቆዳውን ያሳሳል፣ የደም ሥሩን ያወጣል፣ ራሱም አዲስ ብጉር ያመጣል። ሁለተኛው ሃይድሮኪኖን ነው፤ ያለ ሐኪም ቍጥጥር ለብዙ ጊዜ ሲቀባ ማንጣቱ ቀርቶ ጭራሽ የማይለቅ ጥቁረት ሊያስከትል ይችላል። ሦስተኛው ሜርኩሪ ነው፤ ይህ በቆዳ በኩል ወደ ደም ገብቶ ኵላሊትን ይጎዳል። እንዲህ ያለው ቅባት እንደ አራጣ አበዳሪ ነው፤ ዛሬ የሰጠውን ውበት ነገ ከነወለዱ ይቀበላል።

ስለ ሜርኩሪ ዓለም የተስማማበትን ነገር ሹማምንት ሊያውቁት ይገባል። በጃፓን አገር በምትገኘው በሚናማታ ከተማ ከፋብሪካ ወደ ባሕር የተለቀቀው ሜርኩሪ ዓሣውን በክሎ፣ ዓሣውን የበላውን ሕዝብ መረዘ፤ በሽታው መኖሩም እ.ኤ.አ. በ1956 ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2013 ስለ ሜርኩሪ የተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነት በዚህችው ከተማ ስም ተጠርቷል። ስምምነቱ ከ1 ሚሊዮን እጅ ከ1 እጅ የበለጠ ሜርኩሪ ያለበት የቆዳ ማንጫ እ.ኤ.አ. ከ2020 በኋላ እንዳይመረትና ከአገር ወደ አገር እንዳይዘዋወር ከለከለ። እ.ኤ.አ. በ2023 በጄኔቫ የተሰበሰቡት አገሮች ደግሞ ሜርኩሪ የተጨመረበት ማናቸውም መዋቢያ እስከ 2025 ድረስ ፈጽሞ እንዲቀር ወሰኑ። ስለዚህ በኬላ ላይ የሚሠራ ሹም ጽሑፍ የሌለበትን፣ ወይም «ካሎሜል» የሚል ቃል የተጻፈበትን ክሬም ሲያገኝ እንደ ተራ ሸቀጥ ሊያሳልፈው አይገባም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሥርዓቱ አራት ነገር ብቻ ነው፤ መታጠብ፣ አንድ መድኃኒት፣ ማለስለስ፣ ከፀሐይ መከለል። ከዚህ የበዛ እንደ ሆነ ፊትን ያደክማል እንጂ አይጠቅምም።

መታጠብ፤ ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ማታ አንድ ጊዜ ይበቃል። ብዙ ያላበው ሰው ላቡን ካፈሰሰ በኋላ ይጨምር። መጀመሪያ እጅ ይታጠባል፤ ከዚያም ቀዝቀዝ ወይም ለብ ባለ ውሃና ሽታ በሌለው ለስላሳ የፊት መታጠቢያ ፊት በጣት ብቻ ይታሻል። ሻካራ ጨርቅ፣ አሸዋማ መፈተጊያ፣ አልኮልና የሎሚ ጭማቂ ይቅሩ። አንድ ጆግ ውሃ ለዚህ ይበቃል። ሲደርቅ በንጹሕ ፎጣ ጫን ጫን ይደረጋል እንጂ አይታሽም። ፎጣው የግል ይሁን፤ በፀሐይም ይድረቅ። የትራስ ልብስም በየሳምንቱ ይታጠብ።

መድኃኒት፤ ለቀላል ብጉር ሐኪሞች በቀዳሚነት ከሚያዝዙት አንዱ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ነው። ከመቶ 2.5 እጅ የሆነው ከመቶ 10 እጅ ከሆነው ጋራ በጥቅም ተቀራራቢ ሲሆን፣ የሚያቃጥለው ግን በጣም ያነሰ ነው። ስለዚህ ብርቱውን መፈለግ አያስፈልግም። የአንዲት አተር ፍሬ የሚያህል ተወስዶ ብጉር በሚያወጣው ቦታ ሁሉ በስሱ ይቀባል፤ ወጥቶ በሚታየው ብጉር ላይ ብቻ አይደለም፤ ምክንያቱም መድኃኒቱ የሚጠቅመው ገና ያልወጣውንም በመከላከል ነው። በመጀመሪያው ሁለት ሳምንት አንድ ቀን እየተዘለለ ማታ ማታ ይቀባ፤ ቆዳው ከለመደው በኋላ በየቀኑ ይሁን። ይህ መድኃኒት የጨርቅ ቀለም ያነጣል፤ ነጩን ነጠላ ባይጎዳውም ጥለቱን ያጠፋዋልና ተጠንቀቁ። ሌላው አዳፓሊን የሚባለው ከመቶ 0.1 እጅ የሆነ ጄል ነው፤ የተደፈነውን ቀዳዳ ይከፍታል፤ የሚቀባውም ማታ ብቻ ነው። ያረገዘች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት ግን አዳፓሊንን አትቀባ። ሁለቱን በአንድ ቀን አትጀምሩ፤ አንዱን ይዛችሁ ቈዩ። የአንቲባዮቲክ ቅባት ብቻውን ለብዙ ጊዜ መቀባትም አይገባም፤ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ይለምደዋልና።

ማለስለስ፤ ፊቱ የሚወዛ ሰው ማለስለሻ የማያስፈልገው ይመስለዋል። ነገር ግን መድኃኒቱ ቆዳን ስለሚያደርቅ፣ ማለስለሻ ያልተቀባ ሰው ሲላጥና ሲለበለብ መድኃኒቱን ይተወዋል። ቀለል ያለ፣ ሽታ የሌለው፣ ቀዳዳ የማይደፍን ተብሎ የተጻፈበት ክሬም ይመረጣል። ይህ ባይገኝ ግሊሰሪን በውሃ ተበርዞ በስሱ ቢቀባ ይበጃል፤ ሳይበረዝ ግን አይቀባ።

ከፀሐይ መከለል፤ ይህ ለእኛ ቆዳ እጅግ አስፈላጊ ነው። የጠይምና የጥቁር ሰው ቆዳ ብጉሩ ከጠፋ በኋላ በቦታው ጥቁር ነጠብጣብ ይተዋል። ብዙ ወጣት «ብጉሩ አልለቀቀኝም» የሚለው ይህን ነጠብጣብ እያየ ነው። ነጠብጣቡ ጠባሳ አይደለም፤ በወራት ውስጥ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ግን ይበልጥ ይጠቍራል። መለኪያው 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ማግኘት የሚችል ጠዋት ጠዋት ይቀባ። የማይችል ሰፊ ክፈፍ ያለው ባርኔጣ፣ ጃንጥላ ወይም ነጠላ ይጠቀም፤ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ባለው ጊዜም ቢቻል በጥላ ሥር ይዋል። ሰሊጥ አራሚው ይህን ሁሉ ሊያደርግ አይችልም፤ ሻሹን ግን ግንባሩን እንዲጋርድ አድርጎ ሊጠመጥም ይችላል። ብጉርን በጥፍር ማፍረጥ ደግሞ ነጠብጣቡን ጠባሳ ሊያደርገው ይችላል፤ ጠባሳም እንደ ነጠብጣብ ራሱ አይለቅቅም።

ከልማዳችን ጋራ እንዴት እንስማማ? የምሥራቅ ሱዳን ሴቶች ሰሊጥ ዘይትና ስብ ያለበትን ካርካር የሚባል ቅባት ለጠጕራቸው ይቀባሉ፤ ድልካ በሚባል በተጠነ የዱቄት ሊጥ ገላቸውን ያሻሉ፤ ጠልሕ በሚሉት የግራር እንጨት ጢስም ይታጠናሉ። በእኛም አገር ለጋ ቅቤ አናት ላይ ይደረጋል፤ የወይባ ጢስም ይታወቃል። እነዚህ የሙሽራና የአራስ ወግ ናቸውና ይቅሩ አንልም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1970 የአሜሪካን የቆዳ ሐኪሞች የጠጕር ቅባት በሚያዘወትሩ ሰዎች ግንባር ላይ የሚወጣውን ብጉር ለይተው ጽፈዋል። ከአናት የቀለጠ ቅቤም ወደ ግንባር ሲወርድ ቀዳዳውን ይደፍናል። ስለዚህ ቅቤ የተቀባ ሰው ግንባሩን ቶሎ ቶሎ ይጥረግ፤ የሚያስረውንም ሻሽ ይጠብ። ድልካም ለገላ ይሁን፤ ብጉር ያለበት ፊት ግን አይታሽበት። ስለ ምግብ ደግሞ፣ ስኳር የበዛበት ምግብና መጠጥ በአንዳንድ ሰው ላይ ብጉርን እንደሚያባብስ ታይቷል። የሱዳን ሻይ ስኳሩ ብዙ መሆኑን የቀመሰው ሁሉ ያውቃል፤ ጥቂት ቢቀንሱለት አይጎዳም።

አሁን ደግሞ የዚያን ቆላ ነዋሪ በተለይ የሚመለከት አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለን። በመተማ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጠን ሳለን፣ ከሰሊጥ እርሻ የተመለሰ አንድ ወጣት አየን። በአፉ ዙሪያና በጉንጮቹ ላይ ጉብ ጉብ ያለ ነገር ወጥቶበታል። ጓደኞቹ «ገና አሁን ጐረመስክ» እያሉ ይሥቁበት ነበር፤ እሱም ከቀን ሙያው ከፍሎ የብጉር ክሬም ገዝቷል። ቀርበን ስናነጋግረው፣ ከአምስት ወር በፊት በብርቱ ትኵሳት ተይዞ በሆስፒታል 17 ቀን ሙሉ መርፌ እንደ ተወጋ ነገረን። ይህን ስንሰማ ክሬሙን ትቶ ወደዚያው ሆስፒታል እንዲመለስ መከርነው።

ምክንያቱም ያ ትኵሳት ካላ አዛር ነበረ። ይህን በሽታ የምታስተላልፈው ከትንኝ የምታንስ የአሸዋ ዝንብ ናት፤ በመረሬው አፈር ስንጥቅና ለጢስ በሚቈረጠው በዚያው በጠልሕ ዛፍ አካባቢ ትኖራለች። በሽታው ለሳምንታት ያተኵሳል፣ ያከሳል፣ ጣፊያን ያሳብጣል፤ ካልታከመም ይገድላል። ታክመው ከዳኑት መካከል በሱዳን ግማሽ ያህሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ6 ወር ውስጥ፣ በፊታቸው ላይ ሽፍታ ያወጣሉ። ሽፍታው ብዙ ጊዜ ከአፍ ዙሪያ ጀምሮ ወደ ጉንጭ፣ ወደ ክንድና ወደ ደረት ይስፋፋል። ብጉር ይመስላል፤ ነገር ግን እንደ ብጉር ጫፉ አይጠቍርም፣ መግልም አይቋጥርም። ብዙው በአንድ ዓመት ውስጥ ራሱ ይጠፋል፤ የጸናው ግን ሕክምና ይፈልጋል። ዝንቧም ከዚህ ሽፍታ ተሐዋሲውን ወስዳ ለሌላ ሰው ልታሻግር ስለምትችል፣ ነገሩ የአንድ ሰው መልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ይህን በሽታ የሚመረምርና የሚያክም ማዕከል አለ። እንደዚሁም በፊት ላይ የወጣው ነገር የመዳሰስ ስሜት የጠፋበት እንደ ሆነ የሥጋ ደዌ ምልክት ሊሆን ይችላልና ፈጥኖ መታየት ይገባል። ሥጋ ደዌ በዛሬ ዘመን በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው።

ብጉሩ እውነተኛ ብጉር ሆኖም ሐኪም የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። በጥልቅ የተቀበረና የሚያም እባጭ ካለበት፣ ጠባሳ መተው ከጀመረ፣ ወይም በሥርዓቱ ለ12 ሳምንት ታክሞ ካልተሻለ የቆዳ ሐኪም ይየው። ለጸና ብጉር የሚሰጥ አይሶትሬቲኖይን የሚባል የሚዋጥ መድኃኒት አለ፤ እጅግ ይጠቅማል፤ ነገር ግን በእርግዝና ጊዜ የተወሰደ እንደ ሆነ በፅንስ ላይ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። ስለዚህ ከገበያ ተገዝቶ የሚዋጥ አይደለም። ለወራት ኸልጣ የተቀባ ሰውም በድንገት ከመተዉ በፊት ሐኪም ቢያማክር ይሻላል፤ ሐኪሙ ቀስ በቀስ ያስተወዋል።

ወላጆችንም አንድ ነገር እንለምናለን። ልጃችሁ በመስታወት ፊት ሲቈይ «ምን ያሽሞነሙንሃል» ብላችሁ አትሣቁበት። የቤት ሰው ቀልድ ከውጭ ሰው ስድብ ይልቅ ይጎዳል፤ ብዙው ወጣት ወደ ድብልቅ ሻጭ የሚሮጠውም ከዚህ ሣቅ ሸሽቶ ነው። ይልቁንም ከጎኑ ተቀምጣችሁ 12 ሳምንት መቍጠርን አስተምሩት። መድኃኒቱ በመጀመሪያው ወር ብዙ ለውጥ አያሳይም፤ አንዳንድ ጊዜም የባሰ ያስመስላል። የሚጠቅመው ከ8 እስከ 12 ሳምንት ሳያቋርጡ ለሚቀቡት ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላልና።

የባልደረባችን የእኅት ልጅ በከተማው ወዳለ የቆዳ ሐኪም ተወሰደች። ሐኪሙ ኸልጣውን በየሳምንቱ እየቀነሰ አስተዋት፤ ያን ጊዜ ፊቷ ብሶ ስለ ነበረ እናቷ አብራት አለቀሰች። ከዚያ በኋላ ከላይ የጻፍነውን አራቱን ነገር ጀመረች። ከአምስት ወር በኋላ ባልደረባችን ሌላ ፎቶግራፍ አሳየን። እውነቱን ለመናገር፣ ፊቷ ፈጽሞ አልጠራም። በአገጯ ላይ ሁለት ሦስት ብጉር አለ፤ በጉንጯም ጥቁር ነጠብጣብ ይታያል። ነገር ግን በልብስ መስፊያ መኪናዋ ፊት ተቀምጣለች፤ ነጠላዋም በትከሻዋ ላይ ነው።

የሳምንት ሰው ይበለን።